መስቀል ያለባቸው ቃላት

ዘውድነሽ ጎበና የአክስቷ ጓዳ ውስጥ ስትደበቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጊዜው ኅዳር 1970 ነው። ነገሩ እስኪበርድ ሦስት ቀን ብቻ ነው ተብላ ነበር የገባችው።

እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት የእናቷ ታላቅ እህት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። እትዬ ወለተሥላሴ ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ፣ ወደ የካ ተራራ የሚወጣው አቀበት ከሚጀምርበት ላይ ነው። ልጅ ስላልወለዱ ሐሳባቸው ሁሉ በእሷ ላይ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ለደንበኛው ሁሉ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባልኝ ነው ይሉ ጀመር።

ዘውድነሽ አብራት የምታጠና እታገኝ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። እታገኝ አንድ ቀን አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ሰጥታ ለአንድ የክፍላቸው ልጅ እንድታደርስላት ለመነቻት። ዘውድነሽ ወረቀቱን ገልጣ እንኳ ሳታይ አደረሰች። በሁለተኛው ሳምንት እታገኝ ታሰረች። ከዚያ በሦስተኛው ቀን የዚያ ልጅ ሬሳ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲግናል መንገድ ዳር ተገኘ። እታገኝ እስር ቤት ውስጥ የማንን ስም እንደጠራች የሚያውቅ አልነበረም። ክፉው ነገር ይህ አለመታወቁ ነበር። ስሟ ተጠርቶ ከሆነ ዛሬ ሊመጡ ይችላሉ፤ ካልተጠራም ነገ ሊጠራ ይችላል።

እትዬ ወለተሥላሴ መጀመሪያ ያሰቡት አባቷ ዘንድ፣ ጫንጮ ሊልኳት ነበር። ግን በጎጃም መንገድ ኬላ አለ። ኬላውን ብታልፍ እንኳ ከተማ የከረመች ተማሪ ድንገት መንደር ስትገባ የገበሬ ማኅበሩ ዝም አይልም። ስለዚህ ለጎረቤት አባቷ ዘንድ ሄዳለች ብለው አስወሩና እሷን ጓዳ ከተቷት።

ጓዳው ጫፍ ላይ በኮምፔርሳቶ የተከፈለች የቅመም ማስቀመጫ አለች። በቁመት ሦስት እርምጃ፣ በወርድ አንድ ተኩል ብትሆን ነው። መግቢያዋ ላይ የበርበሬ ጆንያ ይደረደራል። ብርሃን የሚገባት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለች ስንጥቅ ነው፤ መንገዱ ከቤቱ ጀርባ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ በዚያች ስንጥቅ በጠዋት እንጨት ሊለቅሙ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሴቶች እግር ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው እግር ሸክም ከብዶት ሲወርድ። ዘውድነሽ ከሰው የቀራት እግር ብቻ ነበር። አንዳንዷን በተረከዟ ንቃቃት ለየቻት።

ከሁሉ የከፋው ማስነጠስ ነው። የበርበሬው ብናኝ ልብሷ ውስጥ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ምግቧ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኗ አብጦ ተደፈነ። እርጥብ ሻሽ አፍንጫዋ ላይ ይዛ መዋልን ተማረች። ማስነጠስ ሲመጣባት ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራ፣ ላንቃዋን በምላሷ ተጭና ታሳልፈዋለች። ሳል ግን አይታለፍም፤ ሳል ሲመጣ እትዬ ወለተሥላሴ ካሉ ሙቀጫውን ይመቱላታል፤ ከሌሉ አበቃ።

ጥር ውስጥ አሰሳ መጣ። ረፋድ ላይ ነው። ከመጡት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ ዲንሳ ነበር፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ዘውድነሽን ከልጅነቷ የሚያውቃት ሰው። ሳጥን ከፈቱ፣ ፍራሽ ገለበጡ። ዲንሳ ጓዳ ገባና እጁን ኮምፔርሳቶው ላይ አሳርፎ ከዚህ ወዲያ ምን አለ ሲል ጠየቀ። መዳፉ ከጆሮዋ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«በርበሬ ነው» አሉት እትዬ ወለተሥላሴ። «ከፈለግክ ግባ። ዓይንህን ቢያቃጥልህ ግን እኔ የለሁበትም።»

ዲንሳ አንዱን ጆንያ ሳብ ሲያደርገው ብናኙ ተነሣ። እሱም አስነጠሰ፣ አብሮት ያለውም አስነጠሰ። ዘውድነሽ ከማለዳ ጀምሮ አፍና የያዘችውን ያን ጊዜ በእነሱ ማስነጠስ መሀል ለቀቀችው። ማን እንዳስነጠሰ የለየ አልነበረም። ሰዎቹ ዓይናቸውን እያሹ ሲወጡ ዲንሳ ለሚስቱ እርድ ጠይቆ ተጠቅልሎለት ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሦስት ቀን ያወራ የለም።

መጽሐፉ የመጣው በመጠቅለያ ችግር ነው። ያኔ ወረቀት እንደልብ አይገኝም። ጋዜጣ ቢገኝም እትዬ ወለተሥላሴ ይፈሩታል፤ የሊቀመንበሩ ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ በርበሬ ጠቅልላ ሸጠች የተባለች አንዲት ነጋዴ ቀበሌ ተጠርታ አንድ ቀን ሙሉ ቆማ ውላለች። ስለዚህ ገመዳ የሚባለው ወረቀት ሻጭ አገሩን ጥሎ ከወጣ ፈረንጅ ቤት የተሰበሰበ መጽሐፍ በኪሎ ሲያመጣ እትዬ ወለተሥላሴ ትልቁን መርጠው ገዙ። ልባዱ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላትም፣ ኤ እና ቢ፣ ከመግቢያው ጋር ገመዳ ዘንድ ሳለ ተሸጠው አልቀዋል። የቀረው ከሲ ይጀምራል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር።

ዘውድነሽ ስታየው የምታነበው ነገር ካገኘች ስድስት ወር አልፏት ነበር። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ አልሰጥም አለች። እትዬ ወለተሥላሴ አዘኑላት፤ ግን ያለ መጠቅለያ መሸጥ አይቻልም፣ ካልሸጡ ደግሞ ሁለቱም አይበሉም። በመጨረሻ ተስማሙ። እትዬ ወለተሥላሴ በየቀኑ ጠዋት ከፊት አንድ አንድ ቅጠል ይገነጥላሉ፤ ትልቅ ስለሆነ አንዱ ቅጠል ለብዙ ሰው ይበቃል። ዘውድነሽ የነገውን ቅጠል ዛሬ አንብባ መጨረስ አለባት። ነገ በርበሬ ተጠቅልሎበት በሾላ ገበያ ይበተናል።

አንድ ቅጠል ላይ ያለውን ቃል ሁሉ በአንድ ቀን መያዝ የማይቻል ነው። ፊደሉ ደቃቅ፣ ብርሃኑም የስንጥቅ ብርሃን ነው። መምረጥ ነበረባት። ከጥቂት ቃላትና ከአንዳንድ ፍቺዎች ፊት ትንሽ የመስቀል ምልክት እንዳለ አየች። ምልክቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ገጽ መግቢያው ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ አንድ የማታውቀው ሰው ቤት ገብቶ ተጥሏል። በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ፈረንጆቹም ከሌላው ሁሉ የከበረውን ቃል በመስቀል የለዩት መሰላት። እነዚያን መረጠች። በእርሳስ እየጻፈች ኮምፔርሳቶውን ሞላችው።

መስቀል ያለበት ፍቺ ትምህርት ቤት ከተማረችው ጋር አይገጥምም። «ዲር» አጋዘን ነው ተብላ ነበር፤ ከመስቀሉ ቀጥሎ ያለው ግን ማንኛውም አውሬ ይላል። «ገርል» ወንድም ይሁን ሴት ማንኛውም ልጅ ነው። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሚበላ ሁሉ ነው። «ናይስ» ደግሞ ሞኝ፣ ያልተማረ ማለት ሆኖ አገኘችው፤ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ቆንጆ ሥራ ላየበት ደብተር ሁሉ «ናይስ» ብሎ ይጽፍ እንደነበር አስታውሳ ለብቻዋ ሳቀች፤ ወዲያው ሳሉ ያዛት።

ብዙ ያቆያት «ሌት» የሚለው ቃል ነው። እንደ እኛው ሌት ይነበባል። ፈቀደ፣ ተወ ማለት እንደሆነ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች። ከመስቀሉ በኋላ ያለው ፍቺ ግን አገደ፣ ከለከለ ይላል። አንድ ቃል እንዴት በርም መዝጊያም ይሆናል ብላ ቀኑን ሙሉ አሰበች። መምህሩ የገበያውን ፍቺ አስተምሯቸው እውነተኛውን ለሊቃውንት የተወው መሰላት። «ክዊክ» ላይ ስትደርስም እንዲሁ ሆነች። ፈጣን ነው ሲሏት ኖረዋል፤ መስቀሉ ግን ሕያው፣ በሕይወት ያለ ይላል።

ሁለተኛው ዓመት አልቆ ሦስተኛው ገባ። መንገድ ዳር ሬሳ መታየቱ ቀርቷል። ዘውድነሽ ልውጣ ማለት ጀመረች። መውጫው ግን ሌላ መዝጊያ ነበረው። እትዬ ወለተሥላሴ ልጅቱ ሄዳለች ስላሉ ስሟ ከቀበሌው መዝገብ ተሰርዟል፤ የስኳርና የሳሙና ኮታዋ ቀርቷል። ለቀበሌው ዘውድነሽ የምትባል ሰው እዚያ ቤት የለችም። ያልነበረ ሰው ከጓዳ ሲወጣ ከየት መጣሽ ይባላል። መጣሁ ለማለት ከነበረችበት አገር መሸኛ ያስፈልጋታል፤ ከነበረችበት አገር ደግሞ አልነበረችም።

በዚያ ላይ መሠረተ ትምህርት ተጀምሮ እትዬ ወለተሥላሴ በየቀኑ ከገበያ መልስ ፊደል ሊቆጥሩ ይጠራሉ። ቤቱን በውጭ ቆልፈው ይሄዳሉ። ዘውድነሽ የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቀን ቤቱ ቢቃጠል ብላ አሰበች። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ አልለቀቃት አለ፤ አክስቷ እስኪመለሱ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ በጣቷ ቃላት ትቆጥራለች።

መጽሐፉ ቲ ፊደል ላይ ሲደርስ ያገኘችውን ለአክስቷ ሳትነግር ማለፍ አልቻለችም። ከኮምፔርሳቶው ወዲያና ወዲህ ሆነው ነው የሚያወሩት።

«እትዬ፣ እንግሊዞችም እንደኛ አንተና እርስዎ ነበራቸው። ለቅርብ ሰው "ዛው" ነው የሚሉት። እኛን "ዩ" ብቻ ነው ያስተማሩን፤ እሱ የክብሩ ነው።»

እትዬ ወለተሥላሴ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ። «ታዲያ አንተ የሚለውን ለምን ደበቋችሁ?»

«አላውቅም። መስቀል አለበት።»

«ለጸሎት ያስቀመጡት ይሆናል» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

መሸኛውን ያመጡት አባቷ አቶ ጎበና ናቸው። በመስከረም 1973 እትዬ ወለተሥላሴ ጫንጮ ድረስ ሄደው አለቀሱባቸው። አቶ ጎበና ልጃቸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሾላ ውስጥ ግድግዳ ሥር መሆኗን የሰሙት ያን ቀን ነው። አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ክርስትና ያነሡት ልጅ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ዘውድነሽ ጎበና ከ1970 ጀምሮ ከአባቷ ጋር ስታርስ መኖሯን ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

አሁን የቀረው ከጫንጮ መምጣት ነው። ከጫንጮ ለመምጣት ደግሞ መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል።

በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ የእንጨት ለቃሚዎቹ እግር በስንጥቁ በኩል ማለፍ ሲጀምር፣ ዘውድነሽ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ መሸኛውን ደረቷ ውስጥ ከትታ፣ ገመድ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣችና ከኋላቸው ተከተለች። ብርሃኑ እንደ በርበሬ ዓይኗን አቃጠላት። ከመቶ እርምጃ በኋላ ቆማ አጥር ተደገፈች። ከሴቶቹ አንዷ ዞር ብላ አየቻት፤ አዲስ ነሽ አለቻት፤ አዎ አለች። ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ዳገቱ ላይ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ዘውድነሽ የሴትዮዋን ፊት አላወቀችውም፤ ጎንበስ ስትል ግን ተረከዟን ለየችው።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገቡ የደን ዘበኛ አስቆማቸው። እርጥብ እንጨት እንዳይቆርጡ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ሴቶቹ ለቅጠል ሲበተኑ እሷ በሰሜን በኩል ቁልቁል ወረደች። እየተቀመጠች፣ አንዳንዴም በእጇ እየዳኸች ከሰዓት በኋላ ሱሉልታ ሜዳ ደረሰች። አባቷ መንገድ ዳር ይጠብቋት ነበር፤ አጠገቧ እስኪደርሱ አላወቋትም። ያን ዕለት ዘመድ ቤት አሳድረዋት በማግስቱ አውቶቡስ አሳፈሯት። ኬላው ላይ ወታደሩ መሸኛውን አይቶ እለፊ አላት። ሾላ ስትወርድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳማት። ዲንሳ ጭምር ሳማት፤ አገር ቤት ፀሐይ የለም እንዴ፣ እንዴት ነጣሽ አላት። እትዬ ወለተሥላሴ ተስቦ ይዟት ነው አሉ።

በተከታዩ ዓመት ሲግናል አካባቢ ያለ አንድ የመንግሥት ድርጅት ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ የሚያነብ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ፈለገ። ዘውድነሽ ለፈተና ተቀመጠች። ሥራውን ለምን እንደምትፈልጉ በእንግሊዝኛ ጻፉ ይላል ጥያቄው። በተማረችው ከፍተኛ ቋንቋ አንድ ገጽ ጻፈች።

በሳምንቱ ከፈታኞቹ አንዱ አስጠሯት። አቶ ኤጀታ ይባላሉ፤ ወለጋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ፀጉራቸው ነጣ ያለ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በሩን ዘግተው ወረቀቷን ፊቷ ዘረጉት። ይህን እንግሊዝኛ የት እንደተማረች ጠየቋት። ከመዝገበ ቃላት ነው አለች። መስቀል ያለባቸውን ቃላት መርጣ እንደያዘችም ነገረቻቸው፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ነበራት።

አቶ ኤጀታ መደርደሪያቸው ላይ ካለው መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው የምልክቶቹን ዝርዝር አሳዩዋት።

«መስቀሉ ቃሉ ሞቷል ማለት ነው፣ ልጄ። በዚያ ፍቺ ዛሬ የሚናገር የለም።»

ዘውድነሽ መስመሩን በጣቷ ይዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሁሉም?»

«መስቀል ያለበት ሁሉ።»

ኮምፔርሳቶው ከታች እስከ ላይ በእርሳስ እንደተጻፈ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ሌሎቹን ቃላት፣ ሕያዋኑን፣ በየቀኑ አንዳንድ ቅጠል አድርጋ ለበርበሬ ሰጥታ ነበር።

አቶ ኤጀታ ጣታቸውን ከወረቀቷ አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌሎቹ ፈታኞች ይህችን "ብዙ ነገር ፈቅዶልኛል፤ እኔ ግን ፈጣን ነኝ" ብለው አነበቧት። ስቀው አለፉ። እኔ ያደግሁት ሚሲዮኖቹ ባመጡት በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።» ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩት። «"ብዙ ነገር አገደኝ፤ ነገር ግን በሕይወት አለሁ" ነው ያልሽው።»

ዘውድነሽ በሩን አየች። አቶ ኤጀታም አዩት።

«ምን እንዳገደሽ አልጠይቅሽም» አሉ። «አንቺም እንዳትነግሪኝ። ግን እንደኔ የሚያነብ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።»

ከመሳቢያቸው ንጹሕ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። እንደገና እንድትጽፍ፣ አሁን ግን ሰው የሚናገረውን ብቻ እንድትጽፍ ነገሯት። ዘውድነሽ አክስቷን ለመርዳት ሥራ እንደምትፈልግና ታታሪ እንደሆነች ጻፈች። አምስት መስመር ሞላ። አቶ ኤጀታ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የፊተኛውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ዓመት እንዳለፈውና በየሰው ሳሎን ድምፃቸውን አፍነው እንደሚዘምሩ የሰማችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሥራውን አገኘች። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ሰፊ ነው፤ ወንበሯን ግን ከበሩ አጠገብ አደረገች። «ሌት» የሚል ቃል በደብዳቤ ስታይ መጀመሪያ የሚመጣባት አገደ የሚለው ነው፤ ከዚያ ነው ቆም ብላ የምታርመው። ይህ ልማድ አልተዋትም። በየዓመቱ የሠራተኛ ቅጽ ይመጣል፤ ከ1970 እስከ 1973 የት ነበርሽ ይላል። ከአባቴ ጋር በእርሻ ሥራ ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ከሰላሌ የመጣ ካድሬ መንደሯን ጠይቋት ስለነበር በየፋሲካው ጫንጮ እየሄደች የጎረቤቶቹን ስም፣ የወንዙን ስም፣ በየትኛው ዓመት በረዶ እንደመታቸው ከአባቷ ታጠናለች። ያልኖረችበትን ሦስት ዓመት ከኖረችበት ይልቅ አጥርታ አወቀችው።

በ1978 ድርጅቱ ቡልጋሪያ ሄደው ስድስት ወር እንዲሠለጥኑ ሁለት ሰዎችን መረጠ። አንዷ ዘውድነሽ ነበረች። አቶ ኤጀታ ሰላምታ ሊሰጧት መዝገብ ቤት ድረስ መጡ። በማግስቱ ቅጹ መጣላት፤ ስድስት ገጽ ነው። የመኖሪያ ቦታ በየዓመቱ፣ ለየዓመቱም የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች ከነአድራሻቸው። ምስክሮቹ በአካል እንደሚጠየቁ ከግርጌው ተጽፏል። አባቷንና መሸኛውን የጻፈላትን የክርስትና ልጃቸውን፣ ሐሰቱ ቢወጣም የሚደርስባቸውን አሰበች። ቅጹን እስከ ሁለተኛው ገጽ ሞላችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለኃላፊዋ አክስቴ ታመዋል፣ ጥያቸው አልሄድም አለች። በቦታዋ ሌላ ሰው ተተካ።

እትዬ ወለተሥላሴ አልታመሙም። ነገሩን የሰሙት ከአንዲት የድርጅቱ ሠራተኛ ነው፤ ሴትዮዋ ኮረሪማ ልትገዛ መጥታ እንደምን ሻልዎት አለቻቸው። ማታ ዘውድነሽ ከሥራ ስትመለስ እራት ቀርቦላት አገኘች፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። በማግስቱም አላናገሯት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ገበያ ሊወጡ ነጠላቸውን እየለበሱ፣ ሳያዩዋት፣ ቡልጋሪያ ምን ያህል ይርቃል ብለው ጠየቋት።

«አላውቅም» አለች ዘውድነሽ፤ ዘምቢሉን አነሣችላቸውና እስከ ገበያው ድረስ አብራቸው ወረደች።